ማባረር የማይችል ማዛወር ይችላል፦ የህንድ ሲቪል ሰርቪስ አወቃቀር

የተከበራችሁ የዚህ ጉባኤ ተሳታፊዎች፣

ስለ ህንድ ሲቪል ሰርቪስ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከታች ልጀምር። የህንድ አስተዳደር ምሰሶ ዲስትሪክት ነው፤ በእኛ አጠራር ለዞን ይቀርባል። ሹሙ በብዙ ክልሎች እስከ ዛሬ «ኮሌክተር» ይባላል፤ ሰብሳቢ ማለት ነው። የቤንጋል ገዢ የነበረው እንግሊዛዊው ዋረን ሄስቲንግስ በ1772 ሹመቱን ሲያቆመው ሥራው ያኔ አካባቢውን ይገዛ ለነበረው የእንግሊዝ ንግድ ድርጅት፣ ለምሥራቅ ህንድ ኩባንያ፣ የመሬት ግብር መሰብሰብ ነበርና። ዛሬ ያው ሹም የመሬት መዝገብ ይጠብቃል፣ ጎርፍ ሲመጣ እርዳታ ያስተባብራል፣ ምርጫ ያስፈጽማል፣ ጸጥታ ሲደፈርስም ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ሥልጣኑን በአንድ እጅ ያከማቸው ቅኝ ገዢው ነው፤ ነፃዪቱ ህንድም አልበተነችውም።

ኮሌክተሮቹ ወደሚወጡበት ሲቪል ሰርቪስ መግባት ቀድሞ በኩባንያው ዳይሬክተሮች ደጅ በመጥናት ነበር። በ1855 ይህ በውድድር ፈተና ተተካ፤ ፈተናው ግን የሚሰጠው ለንደን ብቻ ነበር። ሳትዬንድራናት ታጎር በ1863 አልፎ የመጀመሪያው ህንዳዊ ሆነ። በ1870ዎቹ መጨረሻ የዕድሜው ጣሪያ ወደ 19 ወረደ። በመርከብ ባሕር ተሻግሮ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ገና በ19 ዓመቱ እንዲወዳደር የተጠየቀ ልጅ በሕግ ባይከለከልም በተግባር ተከልክሏል። ህንድ ምድር ላይ መፈተን የተጀመረው በ1922፣ ከ67 ዓመት በኋላ ነው።

ነፃነት ሲመጣ ይህን የገዢዎች መሣሪያ እናፍርሰው ያሉ ነበሩ። የነፃዪቱ ህንድ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳርዳር ፓቴል ተቃወሙ፤ ሐሳቡን ሳይፈራ የሚናገር የመላ ህንድ አገልግሎት ከሌለ የአገሪቱ አንድነት አይጸናም ብለው ተከራከሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 312 የመላ ህንድ አገልግሎቶች፣ በአንቀጽ 315 የፈተና ኮሚሽኑ፣ በአንቀጽ 311 ደግሞ የሠራተኛው ዋስትና ሰፈረ።

የዛሬው ፈተና ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ማጣሪያ ብቻ ነው። ዋናው የጽሑፍ ፈተና 1,750፣ ቃለ መጠይቁ 275፣ በድምሩ 2,025 ነጥብ ነው። ይህን ስሌት ልብ በሉልኝ፤ ቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ ፊት ለፊት አይተው የሚሰጡት ነጥብ ከ14 በመቶ ያነሰ በመሆኑ በዝምድና ለማለፍ የቀረው ቦታ ጠባብ ነው።

ያለፈው ሰው ሠልጥኖ «ካድሬ» ይመደባል። በእኛ ጆሮ ቃሉ የፓርቲ ሰው ይመስላል፤ እዚያ ግን የሚያገለግልበት ክልል ማለት ነው። ቀጣሪው የማዕከሉ መንግሥት፣ የዕለት ተዕለት አዛዡ የክልሉ መንግሥት ነው። ችግሩ ከዚህ መጋጠሚያ ይነሣል።

አንቀጽ 311 ሠራተኛ ከሾመው አካል በታች ባለ ባለሥልጣን እንዳይባረር፣ ሳይመረመርና ሳይሰማም እንዳይሰናበት ይከለክላል። ስለዚህ ክልሉ ኮሌክተሩን ማባረር አይችልም፤ ማዛወር ግን ይችላል። ዝውውር በሕግ ቅጣት አይደለምና ክስም ማስረጃም አይጠይቅም። የመሬት ወረራ ያገደ ሹም በማግስቱ ሥራ ወደሌለው ቢሮ ሊላክ ይችላል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ፣ የጀመረው ፋይል ይቆማል፣ ተተኪውም መልእክቱ ይገባዋል። በሰሜን ህንድ በሃርያና ክልል ያገለገሉት አሾክ ኬምካ በአገልግሎት ዘመናቸው ከ50 ጊዜ በላይ ተዛውረዋል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2013 ሹሞች የተወሰነ የቆይታ ጊዜ እንዲኖራቸው፣ ዝውውርን የሚመክር ቦርድ እንዲቋቋም፣ የቃል ትእዛዝም በጽሑፍ እንዲመዘገብ አዘዘ። በ2014 የወጣው ደንብ ዝቅተኛውን ቆይታ 2 ዓመት አደረገው። ነገር ግን ቦርዱን የሚመራው የክልሉ ዋና ጸሐፊ፣ ማለትም የክልሉ ሲቪል ሰርቪስ የበላይ ሹም ነው፤ እሱን የሚሾመው ደግሞ ማዛወር የሚፈልገው ያው የክልል መሪ ነው። መሪው የቦርዱን ምክር መጣልም ይችላል፤ ግዴታው ምክንያቱን መጻፍ ነው። ተዛዋሪው ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ሲሄድ አጥብቆ የሚይዘው ማስረጃ ይህ የተጻፈ ምክንያት ነው።