750ው ሰዓት የማን ዕዳ ነው?

እንደምን ዋላችሁ። ከሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ ዓይናችሁ ይናገራል፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ እዚህ አሜሪካ የሕፃናት ነርስ ፕራክቲሽነር (ልጆችን መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ) ለመሆን ስለሚያበቃው የማስተርስ ትምህርት እንድናገር ነው። እናገራለሁ። የመጣሁት ግን ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ለክሊኒካል ሰዓቱ፣ ማለትም ተማሪው ከታካሚ ጋር ሊሠራው ለሚገባው ቢያንስ 750 የልምምድ ሰዓት።

መንገዱን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሲኤንኤ (በነርስ ረዳትነት) ተጀመረ፣ ኤልፒኤን (ጀማሪ ነርስነት) ተከተለ፣ አርኤን (ሙሉ የነርስ ፈቃድ) ተገኘ፣ ቢኤስኤን (የነርስነት ባችለር ዲግሪ) ልጅ እያስተኙ በኦንላይን ተጨረሰ። ማስተርሱ ሙሉ ጊዜውን ለሚማር ሁለት ዓመት ገደማ፣ እየሠራ ለሚማር ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ስትመዘገቡ ግን ዘርፉን ለዩ። ፕራይመሪ ኬርና አኪዩት ኬር የተለያዩ ናቸው፤ ፈተናቸውም ሰርተፊኬታቸውም ለየብቻ ነው። ፕራይመሪ ኬር ማለት ከተወለደበት ሳምንት ጀምሮ እስከ 21 ዓመት ድረስ ልጁን በክሊኒክ መከታተል ነው፦ ክትባት፣ ዕድገት፣ አስም፣ ጆሮ፣ የጉርምስና ጭንቀት። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ መሥራት የምትፈልጉ አኪዩት ኬር ነው የእናንተ። የፋሚሊው (የቤተሰብ) ነርስ ፕራክቲሽነር ሁሉንም ዕድሜ ያያል፤ ከልምምድ ሰዓቱ ለሕፃናት የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው።

ደግሞ ማንም አያሳንሳችሁ። ሎሬታ ፎርድ የምትባል ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የሚባል የሕፃናት ሐኪም በ1965 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ፕሮግራም ሲከፍቱ ለሕፃናት ብለው ነው የከፈቱት። የአዋቂውም የቤተሰቡም ኋላ የመጣ ነው።

ከክፍል ትምህርቱ «ሦስቱ ፒ» የሚባሉት ፓቶፊዚዮሎጂ፣ ፊዚካል አሰስመንትና ፋርማኮሎጂ ናቸው። ከባድ ናቸው፤ ግን ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማጥናት ለዚህ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም፣ ትወጡታላችሁ። ቁጭ ብሎ የማይጠናው ሌላው ነው።

አንድ የ14 ወር ልጅ እንይ። ትኩሳት አለው፣ ሌሊቱን አልተኛም፣ እናቱ ጉልበት ላይ ሆኖ ይጮኻል። እናቱ በአንድ እጇ ግንባሩን ደረቷ ላይ ታስደግፋለች፣ በሌላው ሁለት እጆቹን ታቅፋለች። እናንተ የጆሮውን ቅጠል ወደ ታችና ወደ ኋላ ትስባላችሁ። ዓመታት አዋቂ ሲያይ የኖረ እጅ ግን ወደ ላይ ነው የሚስበው፤ ያኔ የጆሮው ቦይ ይጣመምና ምንም አይታይም። አስተካክላችሁ ስታዩ ደግሞ ኩክ ጋርዶታል። ከኩኩ ጎን ትንሽ ቀይ ነገር አለ። ቀይ ነው፣ እንግዲህ አንቲባዮቲኩ አሞክሲሲሊን! የለም። የሚያለቅስ ልጅ የጆሮው ታምቡር በለቅሶው ብቻ ይቀላል። የምትፈልጉት ታምቡሩ ወደ ውጭ ማበጡን፣ አየር ሲነፋበትም አለመንቀሳቀሱን ነው። ይህ በስላይድ አይመጣም። የሚመጣው ፕሪሴፕተሯ (በልምምዱ የምታሠለጥናችሁ ባለሙያ) ከእናንተ ቀጥላ በዚያው ጆሮ ውስጥ አይታ «አንቺ ምን አየሽ?» ስትል ነው።

በእርግጥ ኢንፌክሽን ነው እንበል። ሚዛኑ 22 ይላል። 22 ፓውንድ ነው፣ 10 ኪሎ ማለት ነው። አሞክሲሲሊኑ በኪሎ በቀን 90 ሚሊግራም ከሆነ 900 ነው፤ ለሁለት ሲከፈል 450። 5 ሚሊ ሊትሩ 400 ሚሊግራም በያዘው ሽሮፕ በአንድ ጊዜ 5.6 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። 22ን ኪሎ ነው ብሎ ያሰበ ሰው 12.4 ሚሊ ሊትር ይጽፋል፤ ከእጥፍ በላይ። ከኋላችሁ ቆሞ «ሚዛኑ በምን ነው?» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ሌላም ልጨምር። በ18 ወርና በ24 ወር ለኦቲዝም ማጣሪያ 20 ጥያቄ ያለው ቅጽ ይሞላል። የእኛ እናት ከይሉኝታ ብዛት «አዎ፣ አዎ» እያለች ልትጨርሰው ትችላለች። ልጁ የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል? አዎ። «ውሃ ሲፈልግ እንዴት ነው የሚያሳይሽ?» ብላችሁ ስትጠይቋት ግን «እጄን ይዞ እየጎተተ ፍሪጁ ጋ ይወስደኛል» ትላለች። ይሄ መጠቆም አይደለም። ይህን ለመስማት አማርኛ መቻል አንድ ነገር ነው፤ መቼ ቅጹን አስቀምጦ መጠየቅ እንዳለበት ያሳየ ሰው ማግኘት ሌላ ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት ብሔራዊ መስፈርት ዝቅተኛውን የልምምድ ሰዓት ከ500 ወደ 750 አሳድጎታል፤ ሁሉም ከታካሚ ጋር፣ በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ የተሠራው ሳይቆጠር። የልምምድ ቦታና ፕሪሴፕተር ማዘጋጀትም የፕሮግራሙ ኃላፊነት ነው ይላል። ታዲያ ለክሊኒካሉ በክሬዲት የተቆጠረ ብር ከፍላ ያበቃች ተማሪ «ፕሪሴፕተር ፈልጊ» የሚል ኢሜይል የሚደርሳት በምን ሒሳብ ነው? ከክሊኒክ ክሊኒክ ሲቪ ይዛ ትዞራለች፤ ከሪሴፕሽን አያሳልፏትም። ሴሚስተሩ ሊጀመር ሲል ደላላ ትቀጥራለች። አዎ ደላላ፤ ቤት ኪራይ መሰላችሁ እንዴ! ለአንድ ወንበር ሁለት ጊዜ ተከፈለ።

ጉዳቱ ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በደላላ የተገኘው ቦታ የአስቸኳይ ሕክምና ክሊኒክ ይሆንና ሰዓቱ በጉንፋን ይሞላል። የሁለት ሳምንት አራስ ወደ ተወለደበት ክብደት መመለሱን ሳታይ፣ ዳሌው መውለቁን በእጇ ሳትፈትሽ፣ ፊርማው ተሟልቶ ትመረቃለች። ከዚያ በመጀመሪያው ሰኞ አራሱ ይመጣላታል።

ስለዚህ ዲፖዚት ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦ ቦታ የሚፈልገው ማነው? ባለፈው ዓመት ቦታ አጥተው ምረቃቸው የዘገየ ስንት ናቸው? ከሰዓቱ ምን ያህሉ ጤነኛ ልጆችን በመከታተል፣ ምን ያህሉ ከአንድ ዓመት በታች ያሉትን በማየት ያልፋል? «እንተባበርሻለን» መልስ አይደለም። ፊርማችሁን ያዙ!

የቀረው አጭር ነው። የሰርተፊኬት ፈተናው 175 ጥያቄ ነው፣ የሚቆጠረው 150ው፣ ጊዜው ሦስት ሰዓት። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ፕራክቲሽነር ራሱን ችሎ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ፤ ሜሪላንድ አዲስ ተመራቂን ለ18 ወር አማካሪ አስመዝግቢ ትላለች። ቨርጂኒያ ከሐኪም ጋር በሚደረግ ስምምነት ታስጀምራለች።

ፕራክቲሽነር ሆናችሁ እዚህ የተቀመጣችሁም አትምለጡኝ። ተማሪ ሥራ ያዘገያል፣ እውነት ነው፤ ለእናንተም ግን አንድ ሰው ዘግይቶላችኋል። በሩ አጠገብ ሁለት ዓምድ ያለው ወረቀት አለ፤ በግራ ቦታ የሚፈልጉ፣ በቀኝ ተማሪ የሚቀበሉ ይጻፉበታል። የግራው ገና ስብሰባው ሳይጀመር ሞልቷል። ቀኙን አይቼ ነው የምሄደው።