«የግል ተሰማ»፦ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ስማችን ለምን አይደበቅም?

[ስክሪን፦ አራት ሳጥኖች፤ አንዱ ከላይ፣ ሦስቱ ከሥሩ]

እነዚህን ሳጥኖች እዩልኝ፤ ኢንተርኔት ላይ የተሠራ የቤተሰብ ዛፍ ነው፣ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሰው። ከላይ ያለው ሰው ተሰማ ይባላል እንበል፤ ካረፈ ቆይቷል። ከሥሩ ያሉት ልጆቹ ናቸው፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፤ ሦስቱም በሕይወት አሉ። በሕይወት ስላሉም ድረ ገጹ ስማቸውን ሸሽጎታል። ጄኒን የመሰሉ ድረ ገጾች እንግዳ ሲመጣባቸው የሚያደርጉት ይሄንን ነው። የመጀመሪያውን ስም አንስተው «የግል» የሚል ቃል ይተኩበታል፤ የቤተሰብ ስሙን ግን አይነኩትም። ስለዚህ የምናነበው «የግል ተሰማ»፣ «የግል ተሰማ»፣ «የግል ተሰማ» ይሆናል።

ለስሚዝ ቤተሰብ ይሄ ደህና መጋረጃ ነው፤ ስሚዝ የሚባል ሰው ሞልቷል። በኛ ሁለተኛው የስም ቦታ ላይ የተቀመጠው ግን የቤተሰብ ስም አይደለም፣ አባታችን ነው። ውጭ አገር ወረቀት ሲሞላ ደግሞ አያታችን ገብቶበት ሊሆን ይችላል። (የአንድ እናትና አባት ልጆች ሆነው፣ አንዱ በአባቱ ሌላው በአያቱ ስም እየተጠሩ አንድ ከተማ የሚኖሩ ወንድማማቾች አውቃለሁ።) የተሰማ የድሮ ጎረቤት ይሄን ገጽ ቢያገኘው፣ ከሦስቱ መካከል ሴቷ ማን እንደሆነች ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅበትም።

እኔ በሕይወት ላለ ሰው ሁለተኛውን የስም ቦታ ባዶ እተወዋለሁ። የማን ልጅ እንደሆነ መስመሩ ራሱ ይናገራል።

[ስክሪን፦ የአካውንት ገጽ በግራ፣ የዛፉ ሳጥን በቀኝ]

«ፕሮፋይሌን ዘግቻለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የዘጋው አንዱን ብቻ ነው። ሁለት ፕሮፋይል አላችሁ። አንደኛው አካውንታችሁ ነው፦ ፎቷችሁ፣ የምትኖሩበት ከተማ፣ መልእክት የሚደርሳችሁ በየት በኩል እንደሆነ። እሱን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ታስተካክላላችሁ። ሁለተኛው ዛፉ ላይ ያለው ሳጥናችሁ ነው። እሱን ምናልባት የፈጠረው አጎታችሁ ነው፤ የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። ስለዚህ ከሴቲንግ በፊት ለአጎታችሁ ስልክ መደወል ይቀድማል። «ጋሼ፣ ያቺን የኔን ነገር ዝጋልኝ» ማለት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

[ስክሪን፦ «በሕይወት አለ / አርፏል» የሚል ምርጫ]

አሁን ወደ ዋናው ቁልፍ እንምጣ። እነዚህ ድረ ገጾች በሕይወት ያለን ሰው ይሸሽጋሉ፤ የሞተን ሰው ገጽ ግን ባብዛኛው ይከፍቱታል። ስለዚህ በሕይወት መኖርና አለመኖር የበሩ ቁልፍ ነው። ማንም ምንም ካልነገረውስ? ድረ ገጹ ከልደት ዓመት ተነሥቶ ይገምታል። ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ የሞት መረጃ የሌለውን ሰው፣ ከተወለደ 110 ዓመት ካልሞላው፣ በሕይወት እንዳለ ይቆጥረዋል። ሌሎች ደግሞ 100 ዓመት ላይ ይቆርጣሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አያቴ የተወለደችው በ1922 ዓ.ም. ነው። እኔም እንደሰማሁት 1922 ብዬ ሞላሁ፤ ሞት የሚለውንም ሕይወት የሚለውንም አልነካሁም። ሳጥኑ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ አያቴን በሰባት ስምንት ዓመት አስረጃት፤ ዕድሜዋ ከ100 አለፈና ገጿ ተከፈተ፣ እንደ ሟች። ሪያድ ያለችው የአክስቴ ልጅ አየችው። መርዶ በኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ። እሷ በስልኳ ስክሪን፣ በሥራ ቦታዋ፣ ለብቻዋ ተረዳች። አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ ነው የደወለችልኝ። አያቴ ያን ሰዓት ቡና እየጠጣች ነበር።

ስለዚህ የኢትዮጵያን ዓመት ስትሞሉ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8 ጨምሩ። ዓመቱን በትክክል ካላወቃችሁ ባዶ ተዉትና «በሕይወት አለች» የሚለውን በእጃችሁ ምረጡ። ድረ ገጹ አይገምትላችሁ።

[ስክሪን፦ የእናት ስም የሚጠይቅ ፎርም]

የሞቱ ሰዎች ገጽ ቢከፈት ምን ይጎዳል የሚል አለ። አሜሪካ ውስጥ ባንክ ስትደውሉ «የእናትህ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም?» ተብላችሁ ታውቁ ይሆናል። እናቶቻችን ሲያገቡ ስማቸውን አይቀይሩም፤ ከጋብቻ በፊት ያለውም በኋላ ያለውም አንድ ነው። የእናታችሁ ገጽ ክፍት ከሆነ መልሱ እዚያው በትልልቁ ተጽፏል። የልደት የምስክር ወረቀታችሁም ላይ ያለው ይኸው ስም ነው። የእናታችሁን ገጽ ዝጉ እያልኩ አይደለም፤ ለባንኩ ጥያቄ ሌላ መልስ አስመዝግቡ። የእናታችሁ ስም «ሽንብራ» ነው ብትሏቸው ማንም አያጣራም፣ እናንተ ብቻ አትርሱት።

[ስክሪን፦ የምራቅ መመርመሪያ ቱቦ]

ለዲኤንኤ ምርመራ ምራቅ የላካችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። በ2023 በፈረንጁ አቆጣጠር ሰርጎ ገቦች፣ ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የሚባለው የዲኤንኤ መርማሪ ኩባንያ ደንበኞች ሌላ ቦታ የተጠቀሙባቸውን የይለፍ ቃሎች እየሞከሩ ወደ 14,000 አካውንት ገቡ። የወጣው መረጃ ግን የ6.9 ሚሊዮን ሰው ነው። እንዴት? ዘመድ ፈላጊ የሚባለውን አገልግሎት ያበራ ሰው መረጃው ለዘመዶቹ ይታያል፤ የዘመዱ በር ሲከፈት የሱም አብሮ ተከፈተ። ለሽያጭ የቀረበው ዝርዝር ደግሞ በዘር የተለየ ነበር፦ የአሽከናዚ ይሁዲዎች ለብቻ፣ የቻይና ዝርያ ያላቸው ለብቻ። ይሄን ስሰማ ያሰብኩት ስለኛ ነው። ብሔር የሚል ሳጥን ካለ ባዶ ተዉት። የትውልድ ቦታ ላይም ለሕያው ሰው ቀበሌና ወረዳ አያስፈልግም፤ «ኢትዮጵያ» ይበቃል። ከአራት ትውልድ በፊት ለነበረው ቅድመ አያት ግን አጥቢያውንም ብትጽፉለት ደስ ይለኛል።

ዘመድ ፈላጊውን ሁሉም ሰው ያጥፋው አልልም። ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በፈረንጁ 2018 መጀመሪያ እስክታግድ ድረስ ብዙ ልጆች ወጥተዋል፤ አድገው እናታቸውን የሚፈልጉት በዚህ መንገድ ነው። ግን ካገኛችኋት፣ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቋት። ለባሏ ያልነገረችውን ነገር ዛፍ ላይ አትስቀሉባት።

[ስክሪን፦ የኢንኮግኒቶ መስኮት]

ዛሬ የምትሠሩት አንድ ነገር ይኸውና። ከአካውንታችሁ ውጡ፣ ኢንኮግኒቶ (ማን እንደሆናችሁ የማያስታውሰውን የብራውዘር መስኮት) ክፈቱ፣ ስማችሁን ከነአባታችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ፈልጉ። የሚታየው ነገር እንግዳ የሚያየው ነው። ያልወደዳችሁትን ቶሎ ዝጉ፤ ሌላ ሰው ወደ ራሱ ዛፍ ከገለበጠው በኋላ እናንተ ብታጠፉትም እዚያ ይቆያል። እንደ ዊኪትሪና ፋሚሊሰርች ባሉት፣ ሁሉም ሰው አንድ ዛፍ አብሮ በሚሠራባቸው የጋራ ዛፎች ላይ ደግሞ አካውንት መዝጋት የቀድሞ አባቶችን ገጽ አያጠፋም።

አባቶቻችን ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ጠያቂውን መጀመሪያ «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» ይሉት ነበር። ለጋብቻ መጥቶ ከሆነ ይቆጠርለታል፤ ለጠብ የመጣ ከሆነ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይባላል። ድረ ገጹ ይሄን ጥያቄ አይጠይቅም።

አያቴን ግን ጠየቅኳት። ገጹን አሳየኋትና «ልክፈተው ወይስ ይዘጋ?» አልኳት። መነጽሯን አስተካክላ ፎቶዋን ካየች በኋላ «አንዴ ገድለኸኛል፤ ሁለተኛው ሲደርስ ትከፍተዋለህ» አለችኝ። ፎቶውን ግን በወጣትነቷ በተነሣችው አስቀይራኛለች።

[ስክሪን፦ «የግል» የሚል አንድ ሳጥን፤ ሁለተኛው ቦታ ባዶ]