ገጹ ላይ ያሉት አያት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? መጋረጃውን አውርጄ ስላጠብኩት ክፍሉ ዛሬ ያስተጋባል፤ ድምፄ ከጉድጓድ የሚወጣ ቢመስላችሁ ለዚያ ነው። የጎረቤቴ አውራ ዶሮም ገና አልተኛም። እሱን እንኳን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ማይክሮፎን ስከፍት እሱ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

ባለፈው ሳምንት የታክሲ ሰልፉን ጉዳይ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር። ይቆየን። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አልወጣ ብሎኛል። እትዬ ቤት የሆነው ነገር ነው።

እትዬን ታውቋቸዋላችሁ፤ ከሕንፃችን ምድር ቤት ያሉት፣ ሽሯቸው ሲቆላ ሽታው አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ የሚቀሰቅሰኝ። ድረ ገጽ ልሥራልዎት ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው አልጠየቁኝም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስገባ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ኮረሪማ ይፈለፍላሉ። የሰፈራችንን የኮዬ ፈጬን ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ አቧራውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሰፌዱን ግማሹን በነጠላ ሸፍነውታል። የደረቀው የኮረሪማ ቅርፊት በአውራ ጣታቸው ሥር ሲሰነጠቅ ቀጭን ድምፅ አለው። ቅርፊቱን ወደ ግራ፣ ፍሬውን ወደ ቀኝ። ሳያዩ ነው የሚያደርጉት። ገና ሳልቀመጥ «ዛሬ ከዱባይ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ» አሉኝ።

ደስ አለኝ። እንዴት አልደሰት? ገጹ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው፣ ከባሕር ማዶ ደንበኛ አመጣ ማለት ነው። «አምስት ኪሎ በርበሬ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ አዘዘች» አሉ። እጄን አጨበጨብኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ፍሬውን መልቀም ሳያቆሙ «የአያትዎን ነገር አንብቤ አለቀስኩ አለችኝ» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው «የማንን አያት ነው ያለችው? እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩላቸው። አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ስድስት ቀን ሙሉ ስደጋግመው ነው የከረምኩት። «አያቴ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ዛላውን ፀሐይ ላይ ስታሰጣ፣ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እመለከታት ነበር። ጣቶቿ ቀይ ነበሩ። በርበሬ የሚወደው ትዕግሥተኛ እጅ ነው ትለኝ ነበር።»

«ጣቶቿ ቀይ ነበሩ» የሚለው ላይ ስደርስ የኮረሪማው ድምፅ ቆመ። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ፤ ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም። ስጨርስ ዝም አሉ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ «ይህን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ማንም አልነገረኝም እትዬ፤ ኮምፒውተሩ ነው የጻፈው» አልኩ። ስናገረው ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። እሳቸውም ሰፌዱን እያዩ «እኔ አያት አላውቅም፤ እናቴንም በወጉ አላውቃት። በርበሬ የተማርኩት ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው። ጨው ሲበዛ እየተቆጡኝ፣ ቅመም ሲጎድል እየተቆጡኝ ነው የተማርኩት» አሉ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ ለድረ ገጽ የምትጽፉ ስለሆናችሁ ትረዱኛላችሁ። ጎግል የፍለጋ ውጤቱን ጥራት ለሚመዝኑለት ሰዎች መመሪያ አለው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2022 ሙያ፣ ተሰሚነትና ታማኝነት በሚሉት ላይ አንድ ቃል ጨመረበት፦ ተሞክሮ። ጸሐፊው ነገሩን በእጁ ነክቶታል ወይ ነው ጥያቄው። ሲያዙት ጽሑፍ የሚጽፈው ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በፈረንጆቹ ኅዳር 30 ቀን ነበር። እንግዲህ እኛ ምን አደረግን? የቀመሰ፣ የነካ፣ የኖረ ሰው ጽሑፍ ይፈለጋል ሲባል፣ ምላስም እጅም የሌለውን መሣሪያ «ተሞክሮ ያለው አስመስለህ ጻፍ» ብለን አዘዝነው። እኔ ያዘዝኩት ቃል በቃል «የባለቤቷን የግል ተሞክሮ አጉልተህ ጻፍ» የሚል ነው። የሰጠሁት መረጃ ግን የዕቃ ዝርዝር፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። ተሞክሮውን ከየት ያምጣው? ይህ መሣሪያ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ክፍት ቦታ ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ «ይህን አልነገርሽኝም» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ለቦታው የሚስማማውን ያስገባል። ስለ ምግብ በተጻፈ ነገር መጀመሪያ ላይ ደግሞ አያት አይጠፋም። ስለዚህ አያት ሰጣቸው።

እኔ ግን ሳላነብ አልለጠፍኩትም! ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። እርማት አድርጌበታለሁ። ኮረሪማን «የኢትዮጵያ ካርዳሞም» ብሎት ነበር፤ ኮረሪማ አልኩት። የተደለዘውን በርበሬ ምድጃ ውስጥ አድርቁት ብሎ ነበር፤ ሰረዝኩት። ጤና አዳምን ረስቶት ነበር፤ ጨመርኩ። ስለ ማረቆ በርበሬ የጻፈውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አውጥቼ እንደገና ጻፍኩት። ለቅመሙ ይህን ያህል ተጠንቅቄያለሁ። አያቲቱን ግን አለፍኳቸው። ስላማሩኝ አለፍኳቸው። እትዬን «ለመሆኑ አያት ነበርዎት?» ብሎ መጠየቅ አራት ፎቅ መውረድ ብቻ ነበር።

ደግሞ ስለ ፀሐይ... ይህን ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም ደክሜበታለሁ። «በፀሐይ የደረቀ በርበሬ» የሚለውን ቁልፍ ቃል፣ ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ የሚጽፈውን ማለቴ ነው፣ ስፈልግ ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ። ሰው ፀሐይን እንዴት ብሎ ይጽፋል? በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ ሁለት። ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ ስድስት። ሲባዛ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ነው፤ ድምፁ አንድ። ለአንባቢ ሁሉም ያው ፀሐይ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ካላስተማሩት በቀር። በዚያ ላይ «የፀሐይ»፣ «ከፀሐይ»፣ «ለፀሐይ»፤ ቅጥያው ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች «ቁልፍ ቃሉን በርዕሱ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ፣ በምስሉ መግለጫ አስገቡ» ይላሉ። የትኛውን አጻጻፍ? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ሲይዝ የእኛ አንዱ ፊደል ሦስት ይይዛል። እነዚህ መሣሪያዎችም አማርኛን ከእንግሊዝኛ ይልቅ በጣም እየቆራረጡ ነው የሚያነቡት። ይህን ሁሉ ሳስብ ለቋንቋው እቆረቆራለሁ፤ በትክክል የተጻፈ አንድ ገጽ እንኳን ቢጨመር ብዬ እደክማለሁ። ደክሜ ደክሜ የጨመርኩት ገጽ ውስጥ ግን ያልነበሩ ሴት አስቀመጥኩ። ነገ ሌላ መሣሪያ ያንን ገጽ አንብቦ ከእሱ ይማራል። አያቲቱ ከዚያ ወዲያ የት የት እንደሚሄዱ ማን ያውቃል?

ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ስልኬ ላይ ማስተካከያውን ከፍቼ አንቀጹን መርጬዋለሁ፤ ሰማያዊ ሆኗል፤ አንድ መንካት ብቻ ነው የቀረው። እጄን ያዙኝ። ጣታቸው ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። «ቆይ» አሉ። «እዚያ፣ ጣቶቿ ቀይ ነበሩ ያለው ላይ... ደግመሽ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ስጨርስ ምንም አላሉም፤ ሌላ ኮረሪማ አነሡ።

ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የሆነ ነገር የለም፤ ቡና አፈሉ፣ ጠጣን፣ ስለ ውኃ ፈረቃው አወራን። እኔ ግን እዚያው ዱካ አጠገብ ቀርቻለሁ። ሐሰት ነው ብዬ ላጠፋው ስል እጄን ይዘውኛል። ልተወው ስል ሐሰት ነው። የእትዬ ገጽ እትዬ ያልኖሩትን ሕይወት ይናገራል። ለማን ነው የምታዘዘው?

በደንቡ ልመዝነው ሞክሬያለሁ። ጎግል በየካቲት 2023 ባወጣው መግለጫ የሚመዘነው የይዘቱ ጥራት እንጂ በምን እንደተጻፈ አይደለም ብሏል። በመጋቢት 2024 ደግሞ ለፍለጋ ደረጃ ብቻ ተብለው በገፍ የሚመረቱ ገጾችን፣ ሰውም ይጻፋቸው ማሽን፣ እንደ አይፈለጌ ይዘት እቆጥራለሁ አለ። እኔ በገፍ አላመረትኩም፤ አንድ ገጽ ነው። እፎይ ልል ነበር። ግን ያው መመሪያ ከአራቱ ሁሉ ዋናው ታማኝነት ነው ይላል። ደግሞስ እኔና እትዬ የሕንፃው ደረጃ ላይ ስንገናኝ በየቀኑ መፋጠጣችን ይቀራል? ደንቡ እዚህ ምንም አያደርግልኝም።

መሣሪያውን ትቼዋለሁ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ትናንትም ተጠቅሜበታለሁ። የአንድ ሳምንት ሥራ በአንድ ከሰዓት ያስጨርሰኛል፣ መብራት ካለ። ርዕስ ያወጣልኛል፣ የእንግሊዝኛውን ቅጂ ያቃናልኛል። ያለ እሱ የእትዬ በርበሬ ዱባይ አይደርስም ነበር ብዬ አምናለሁ። ወይም... ልጅቷ ያለቀሰችው ለእትዬ አያት አይመስለኝም። ለራሷ አያት ይመስለኛል። እንባዋ እውነት ነው እንግዲህ። አላውቅም፤ ይህን ስል ራሴን የማጽናናት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሰኞ ማታ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ወረድኩ። «እትዬ፣ ራስዎ ይንገሩኝ፤ ድምፅዎን ልቅረጽና እሱን ልጻፈው። ሰው ቤት እንዴት እንደተማሩ፣ የመጀመሪያውን በርበሬ ብቻዎን ሲደልዙ እንዴት እንደነበር» አልኳቸው። እንዲህ መሆን የነበረበት ከመጀመሪያው ነው፤ ማሽኑ ቢያስተካክልም የእሳቸውን ቃል ነው የሚያስተካክለው። አሰቡበት። ከዚያ «የሠራተኛ ታሪክ አንብቦ በርበሬ የሚገዛ አለ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

እኔ፣ ሰው ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚጫን፣ የትኛው ርዕስ እንደሚነበብ በየቀኑ የማየው ሰው፣ «አለ» ማለት አቃተኝ። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል። «አለ እንጂ እትዬ፣ እኔ አነባለሁ» ማለት ምን ያህል ከባድ ነው?

ዛሬ ጠዋት የጎረቤት ልጅ በሰሐን ክክ ሽሮ ይዞ መጣ፤ እትዬ ልከውት ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ያቺን ሴትዮ አጠፋሻት ወይ ብለዋል በላት ብለውኛል» አለኝ። ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ ልጁ አያውቅም። ሰሐኑን ተቀበልኩት። ሙቀቱ እጄን ያቃጥለኛል፣ ልጁ መልስ ይጠብቃል፣ እኔ ደግሞ አጠፋሻት ወይ ያሉት እንዳጠፋት ነው ወይስ እንዳላጠፋት... በልጁ አፍ ሲመጣ ድምፃቸውን መለየት አልቻልኩም። «ማታ ራሴ እመጣለሁ በልልኝ» አልኩት።

አሁን መሽቷል። ሰሐኑን አጥቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ባዶውን አልመልስም፣ ምን እንደማደርግበት ግን ገና አላገኘሁም። ከመስኮቱ ወደ ታች ሳይ የእትዬ መብራት በርቷል። ዶሮውም ተኝቷል መሰለኝ፣ ድምፁ ጠፋ። ገጹን ከፍቼዋለሁ፣ እዚህ ፊት ለፊቴ ነው፤ ጣቶቿ ቀይ ነበሩ ይላል... ልውረድ መሰለኝ።