ግሉኮስ ተሰቅሎለታል፣ ግን በልቷል ወይ?

[ምስል፦ ከአልጋ አጠገብ የተንጠለጠለ የግሉኮስ ከረጢት]

ጅማ ውስጥ ሆዱን ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ጠይቃችሁ የምታውቁ ከሆነ ይቺን ወሬ ሰምታችኋታል። ጠያቂው «ምን ቀመሰ?» ይላል። አስታማሚዋ ቀና ብላ ከረጢቱን እያየች «ኧረ ምንም፣ ግን ግሉኮስ ተሰቅሎለታል» ትላለች። ሁሉም «ተመስገን» ብሎ ቁጭ።

እስቲ ከረጢቱን ጠጋ ብለን እንየው። 5 በመቶ ይላል። 1 ሊትሩ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው፣ ወደ 170 ካሎሪ። ፕሮቲን? ዜሮ። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ወደ 12 ግራም ፕሮቲን አለው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከትልቅ ኦፕራሲዮን በኋላ በቀን ቢያንስ 1500 ካሎሪና እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ቁስል የሚሽረው በፕሮቲን ነው፤ በአፍ ካልገባ ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይወስዳል፣ ሰውየውም በሳምንቱ ጭኑ ሟሽሾ ከአልጋ መነሳት የሚያቅተው፣ ስፌቱም ቶሎ አልገጥም የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ድሮ «ፈስ ሳይወጣ ውሃም አይቀመስም» ይባል ነበር። (ይቅርታ፣ ሐኪሞቹም በየጠዋቱ የሚጠይቁት ይሄንኑ ነው።) ትንሹ አንጀት ግን በሰዓታት ውስጥ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ጨጓራ አንድ ሁለት ቀን ይወስድበታል፣ የሚያረፍደው ትልቁ አንጀት ነው፣ እስከ ሦስት ቀን። ስለዚህ ዛሬ ለብዙዎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ በአፍ እንዲጀመርላቸው ይመከራል። ለሁሉም አይደለም፤ ምን እንደተቆረጠና የት እንደተሰፋ የሚያውቀው ቀዶ ሐኪሙ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለብዙ ቀን ሳይበላ የቆየ ሰው ደግሞ በአንዴ እስኪጠግብ አይበላም፤ በደሙ ያሉት ፖታሲየምና ፎስፌት የሚባሉ ማዕድናት በድንገት እንዳይወርዱ እየታየ ቀስ ተብሎ ነው የሚጀመረው።

[ምስል፦ ፔርሙዝ ሲከፈት]

አሁን ወደ ፔርሙዙ። አጥሚት። እናቶቻችን ይባረኩ፣ ግን በውሃ የቀጠነ አጥሚት ሆድ ከመሙላት አያልፍም። ፈሳሽ ብቻ ከተፈቀደ በወተት ይሠራ። ለስለስ ያለ ምግብ ሲፈቀድ እንቁላል፣ እርጎ፣ አይብ፣ በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ። አቮካዶ ጅማ ላይ ችግር የለም፣ በማንኪያ ፈጭታችሁ ስጡ፣ ጉልበት ይሆናል። ማሩም ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ስኳር ነው፣ የእንቁላልን ቦታ አይተካም። አንድ ትልቅ ሳህን ደቅኖ «ብላ እንጂ!» ማለት ይቅር፤ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን አምስት ስድስቴ።

ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ካተኮሰው ምግቡን አቁሙና ነርሷን ጥሩ። ወዲያው።

ቡናስ? ጅማ ተቀምጠን ሳናነሳው አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሃይደልበርግ፣ ጀርመን የወጣ ጥናት ትልቁ አንጀታቸውን የተቆረጡ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና፣ ለግማሹ ውሃ ሰጠ። ቡና የጠጡት በአማካይ በ60 ሰዓት ሰገራ ወጡ፣ ውሃ የጠጡት በ74። ስለዚህ ሐኪሙ እሺ ካለ አንድ ሲኒ አምጡለት። እቤት አፍልታችሁ ግን፤ ዋርድ ውስጥ ኦክስጅን አለ፣ ከሰል አይገባም።