ታዳጊ ሲጋልን በላባው መለየት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ደዋይ ከባሕር ዳር፦ አሳ አስጋሪዎች ጀልባቸውን በሚያስጠጉበት ዳር፣ ሲጋል ከሚባሉት ነጫጭ የውሃ ዳር ወፎች መካከል ቡናማ ቡናማ የሚሉ አሉ። ሌላ ዝርያ ናቸው ወይስ ልጆቻቸው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ታዳጊዎች ናቸው። የማን ልጆች እንደሆኑ ግን አጠገባቸው የቆመው ወፍ አይነግርዎትም፤ ሲጋሎች ተቀላቅለው ነው የሚውሉት። ጣና ላይ ሦስቱን ይወቁ፦ የአፍሪካው ነዋሪ ራሰ ግራጫ፣ የአገሩን ብርድ ሸሽቶ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ራሰ ጥቁር፣ እንደዚሁ በስደት የሚመጣውና በአካል የሚበልጣቸው ጀርባ ጥቁር። ትንንሾቹ ሁለቱ የአዋቂ መልክ የሚይዙት በሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን ጀርባ ጥቁሩ አራት ዓመት ይፈጅበታል።

ሲያዩ ከጀርባው ይጀምሩ። ጎጆውን በቅርቡ የለቀቀ ታዳጊ እያንዳንዱ የጀርባና የትከሻ ላባው መሐሉ ቡናማ፣ ጠርዙ ፈዛዛ ስለሆነ ከሩቅ የአሳ ቅርፊት ይመስላል። ትንንሾቹ ሲጋሎች ይህን ላባ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥለው ግራጫ ያበቅላሉ። የመብረሪያውንና የጅራቱን ላባ ግን አይነኩትም፤ እሱን መተካት ብዙ ምግብ ይጠይቃል፣ በረራንም ያውካል፤ ስለዚህ አንድ ዓመት እስኪሞላቸው ገደማ ይቆያል። ጀርባው ግራጫ፣ ክንፉ ላይ ቡናማ መስመር፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ጥቁር ቀበቶ ካዩ ወፉ የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ነው።

ደዋይ ከዘጌ፦ ራሰ ግራጫውን በነጣ ባለ ዐይኑ ለዩት ይባላል። ታዳጊዎቹ ላይ አልሠራልኝም።

መልስ፦ አይሠራም። ፈዛዛ ዐይን ያለው አዋቂው ነው፤ የራሰ ግራጫውም የራሰ ጥቁሩም ታዳጊዎች ዐይናቸው ጠቆር ያለ ነው፤ ከዐይናቸው ኋላ ያለው ጥቁር ነጥብም ሁለቱም ላይ ይኖራል። ሲበሩ ክንፋቸውን ይዩ። ራሰ ጥቁሩ ገና ታዳጊ ሳለ እንኳ የክንፉ ጫፍ የፊት ጠርዝ ላይ ረጅም ነጭ ስንጥር አለው። የራሰ ግራጫው ጫፍ በጥቁር የተሸፈነ ነው፤ ነጩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚታየው። ክንፉ ከሥር ሲታይም በሙሉ ጭስማ ነው።

የወር ስሌትም ይረዳል፣ ግን ለስደተኛው ብቻ። ራሰ ጥቁር በሰሜን የሚፈለፈለው በግንቦትና በሰኔ አካባቢ ነው፤ እዚህ እስኪደርስ አብዛኛውን የጀርባ ላባውን ቀይሮ ጨርሷል። ስለዚህ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ጀርባው ገና ሙሉ በሙሉ ቅርፊት የሚመስል ትንሽ ሲጋል ካዩ ራሰ ግራጫ መሆኑን ይጠርጥሩ። የራሰ ግራጫ የመራቢያ ወቅት በአፍሪካ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ «ይህ ወር ስለሆነ ይህን ያህል ወር ሆኖታል» ማለት እሱ ላይ ያሳስታል።

ደዋይ ከጎርጎራ፦ አንድ ትልቅ ቡናማ ሲጋል ክንፉ ላይ ክፍተት አለው። ታሞ ነው ወይስ መረብ ነቅሎበት?

መልስ፦ ሌላኛውን ክንፍም ይመልከቱ። ክፍተቱ በሁለቱም ክንፍ እኩል ቦታ ላይ ከሆነ ላባ እየቀየረ ነው። በአንዱ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ላባው ግማሽ ላይ ተቆርጦ ከቀረ ጉዳት ነው።

የክንፉ ጫፍ ላይ በግልጽ የሚታዩት ዋና ላባዎች 10 ናቸው። ሲጋል የሚጥላቸው በቅደም ተከተል ነው፦ ከውስጠኛው ጀምሮ ወደ ውጭ፣ 10ኛው መጨረሻ። የውስጠኞቹ 4 ላባዎች ጥቁርና ጫፋቸው ክብ፣ ቀጥሎ ክፍተት፣ ከዚያ ውጪ ያሉት ደግሞ ቡናማ፣ ሾጣጣና የተበሉ ከሆኑ 4 ቀይሯል፣ 5ኛውን ጥሏል ማለት ነው። ትልቁ ሲጋል አሥሩን ለመጨረስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል።

ጀርባ ጥቁሩ ላይ ይህ ቆጠራ ከዕድሜም አልፎ ስለ አመጣጡ ፍንጭ ይሰጣል። ፊንላንድን በመሰሉ የባልቲክ ባሕር አገሮች ተፈልፍለው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች የሚወርዱት ታዳጊዎች ብዙዎቹ የመብረሪያ ላባቸውን እዚሁ አፍሪካ ሳሉ ይቀይራሉ፤ የምዕራብ አውሮፓዎቹ ግን የሚጀምሩት ዘግይተው በአውሮፓ ጸደይ ማብቂያ፣ በሚያዝያና በግንቦት ገደማ ነው። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም እግሩ ላይ ተመራማሪዎች ያሰሩለት ቀለበት ካለ ቁጥሩን ከነቀለሙ ይጻፉ።

ደዋይ ከባሕር ዳር፦ በመጋቢት ያየሁት ታዳጊ ክንፉ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቶሎ አደገ ማለት ነው?

መልስ፦ አላደገም፣ ጸሐይ በልቶታል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የበጋው ጸሐይ ብርቱ ነው። ጥቁር ላባን የሚያጠነክረው ሜላኒን የተባለው ማቅለሚያ ስለሆነ ፈዛዛው ክፍል ቀድሞ ይበላል፤ ቡናማውም እየነጣ ይሄዳል። አዲስ ላባ ጠርዙ ድፍን ነው፣ ያረጀው ደግሞ ጫፉ እንደ ክር ይበተናል። ቀለሙ ሲያጠራጥር ጠርዙን ይመኑ።

ደዋይ፦ በስልክ ካሜራ ይቻላል?

መልስ፦ ወፉ ቅርብ ከሆነ ይቻላል። ጠዋት ጸሐይን ከኋላዎ አድርገው፣ አሳ ሲጸዳ የሚጣለውን ለመሻማት ሲበሩ በተከታታይ ያንሱ። የሚፈለገው ክንፉ የተዘረጋበት ፎቶ ነው፣ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከሥር። ለፎቶ ብለው ግን የተቀመጠ መንጋ አያስነሡ።