ነጯ ሳቢሳ ለምን ትቃጠላለች? የማለዳ የወፍ ፎቶ ጥያቄዎቻችሁ

ዛሬ የደወላችሁልን አድማጮች ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ አንድ ነገር ነው። ውሃ ውስጥ ቆመው የሚመገቡትን ባለ ረጅም እግር ወፎች በማለዳ ብርሃን እንዴት እናንሳቸው? መልሶቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ ነጭ ሳቢሳ ሳነሳ ውሃው ያምራል፤ ወፏ ግን ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት ትመስላለች። ላባዋ አይታይም። ችግሩ ካሜራዬ ይሆን?

ካሜራሽ ደህና ነው፣ እህቴ። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ማለዳ ላይ ውሃው ጠቆር ይላል፤ ወፏ ደግሞ የምትይዘው ትንሽ ቦታ ነው። ስለዚህ ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ያኔ ነጩ ላባ ይቃጠላል፤ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። የጨለመ ፎቶ በኮምፒውተር በመጠኑ ይስተካከላል። የተቃጠለ ነጭ ግን ሄደ ማለት ነው።

የኤክስፖዠር ማስተካከያውን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን፣ ወደ ታች አውርጂው፤ ከ-0.7 ጀምረሽ እስከ -1.3 ድረስ። ብዙ ካሜራዎች የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረጉ ያሳያሉ፤ ያንን ማስጠንቀቂያ ክፈቺው። ጭጋግ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ስለሚሆን ካሜራው ያጨልማል፤ ያን ጊዜ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርጊ። ፀሐይ በጎን ስትመታት የሳቢሳ የጀርባ ላባ እንደ ፈትል ዘለላው አንድ በአንድ ይታያል። ማትረፍ ያለብሽ እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ስትወጣ ብደርስ ይበቃኛል?

አይበቃህም። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀድመህ ተቀመጥ። ብርሃኑ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ወፎቹ ሲመጡ ተቀምጦ ያገኙትን ሰው ቶሎ ይለምዱታል፤ እነሱ እየተመገቡ የሚመጣባቸውን ግን ይሸሹታል።

ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ረጅም የአየር ንጣፍ ያቋርጣል። ሰማያዊው በመንገድ ላይ ይበተንና ሞቃቱ ቀለም ይቀራል። ኋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በአውቶማቲክ ከተውከው ካሜራው ያንን ወርቃማ ቀለም ሊያጥብብህ ይችላል፤ "የቀን ብርሃን" ላይ አድርገው።

አቀማመጥህን ደግሞ በጥላህ ለካ። ጥላህ ወደ ወፏ ካመለከተ ፀሐይ ከኋላህ ናት። ብዙ ሰው የሚረሳው ነፋሱን ነው። ወፍ ስትነሳም ስታርፍም ፊቷን ወደ ነፋስ ታዞራለች። ነፋሱም ከኋላህ ከነፈሰ ወፎቹ ፊታቸውን ወዳንተ አድርገው ያርፋሉ። ሁለቱ ካልገጠሙ እኔ ነፋሱን መርጬ ፀሐይን ወደ ጎን አደርጋለሁ። የጅራት ፎቶ በጣም ብዙ አለኝና።

ጥያቄ፦ ዓሣ የምትነጥቅበት ቅጽበት ሁልጊዜ ያመልጠኛል።

ውሃው ሲረጭ እየተጫንክ ይሆናል። ያኔ አልፏል። ዓይንህን አንገቷ ላይ ትከል። ሳቢሳ አንገቷን የምታጥፈውና ድንገት የምትወረውረው 6ኛው የአንገት አጥንቷ ለዚህ ተብሎ የተለየ ቅርጽ ስላለው ነው። መጀመሪያ ታጥፈዋለች። ቀጥሎ ሰውነቷን ቀስ ብላ ወደ ፊት ታዘነብላለች። ከዚያ ድርቅ ትላለች። ጣትህ መጫን ያለበት እዚህች ጋ ነው፣ በተከታታይ ማንሻው።

የሻተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/1600 ወይም 1/2000 ሰከንድ አድርገው፤ ፎከሱ ዓይኗ ላይ ይሁን። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ለማድረስ አትፍራ። በፎቶው ላይ የሚመጣው ነቁጥ በኋላ በኮምፒውተር ይቀነሳል፤ የተንቀጠቀጠ ምንቃር ግን መድኃኒት የለውም። ዝም ብላ ለቆመች ወፍ፣ ካሜራው እንደ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ያለ ድጋፍ ካለው፣ 1/250ም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጉልበቴ ያመኛል፤ መሬት ላይ መተኛት አልችልም። ቆሜ ባነሳ ምን ይጎድላል?

አባቴ፣ ጉልበትዎን አያስቸግሩት። ዝቅ ማለት የሚጠቅመው የወፏ ዓይን ከሌንሱ ጋር ፊት ለፊት ስለሚገናኝና ከኋላዋ ያለው ነገር ርቆ ስለሚደበዝዝ ነው። አጭር በርጩማ ይዘው ይሂዱ። ስክሪኑ የሚታጠፍ ካሜራ ካለዎት ጉልበትዎ ላይ አድርገው ከላይ ይዩት። ሌላም መላ አለ፤ ወደ ኋላ ይራቁና ባለ 500 ወይም 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይጠቀሙ። በራቁ ቁጥር ወደ ታች የሚያዩበት አንግል እየጠበበ ይሄዳል። ውሃው ውስጥ የሚታየውን ምስሏን ግን እግሩ ላይ አይቁረጡት።

ጥያቄ፦ በስልክ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን አታጉሊው። ወፏን ትንሽ፣ ውሃውንና ሰማዩን ሰፊ አድርጊ። ፀሐይን ከፊትሽ አድርገሽ ጥቁር ቅርጿን ብቻ ማንሳትም ያምራል።

ጥያቄ፦ ስትበር ማንሳት ፈልጌ ነበር። እንድትነሳ ጠጠር ብወረውርስ?

እባክህ ተው፣ ወንድሜ። ማለዳ የምግብ ሰዓቷ ነው። ባስነሳሃት ቁጥር የበላችውን ጉልበት በከንቱ ታወጣለች፤ ከጎጆዋ ላይ ካስነሳሃት ደግሞ እንቁላሉ ያለ ጠባቂ ይቀራል። መመገቧን አቁማ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ካየችህ በጣም ቀርበሃል ማለት ነው፤ ባለህበት ቁም ወይም ቀስ ብለህ ተመለስ።

በራሷ ጊዜ ልትነሳ ስትል ደግሞ ትነግርሃለች። ወደ ነፋሱ ትዞራለች፣ ብዙ ጊዜ ኩሷን ትጥላለች፣ እግሯን ሸብረክ ታደርጋለች። ሸብረክ ስትል ጣትህ ማንሻው ላይ ይሁን፤ ክንፏ የሚዘረጋበትን ቦታም በፍሬሙ ውስጥ ተውላት።