ዳይክሎፌናክ መገጣጠሚያ አያድንም

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሳይቶካይን፣ ማለትም ሴሎች ስለሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች፣ እና ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ስለሚያጠቃበት በሽታ፣ ተናገር ብለውኛል። እናገራለሁ። ግን ግማሾቻችሁ አብራችሁኝ ተረኛ ያደራችሁ ናችሁ፤ ሁሌ የማማርርበትን ነገር ታውቁታላችሁ። ዛሬም እሱኑ ነው የማነሳው፦ መገጣጠሚያው ያበጠን ሰው በደንብ ሳናይ፣ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሰጥተን መሸኘታችንን።

መጀመሪያ ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ። ተመራማሪዎቹ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ የታመመ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለውን ያጠኑ ነበር። እዚያ ውስጥ ሳይቶካይኑ ሞልቷል። ቲኤንኤፍ አለ፣ ኢንተርሉኪን-1 አለ፣ ኢንተርሉኪን-6 አለ፣ ሌላም ሌላም። አንዱ ቢታገድ ሌላው ይተካዋል፣ ምን ዋጋ አለው የሚል ግምት ነበር። እውነት ይመስላል። እኔም በቃል ፈተና ብጠየቅ እንደዚያ ነበር የምመልሰው።

እነሱና ፊዮኑላ ብሬናን ግን ከታማሚዎች መገጣጠሚያ የተወሰዱ ሴሎችን ላብራቶሪ ውስጥ አሳደጉ። ቲኤንኤፍን የሚያግድ አንቲቦዲ ጨመሩበት። ኢንተርሉኪን-1ም አብሮ ወረደ! በፈረንጆቹ 1989 ታተመ። ቲኤንኤፍ ከላይ ሆኖ ሌሎቹን ይቀሰቅሳል ማለት ነው።

በ1992 እዚያው ለንደን፣ ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል፣ ለ20 ታማሚዎች አንቲቦዲውን በደም ሥር ሰጧቸው። ነባር መድኃኒቶች እምቢ ያሏቸው ሰዎች ናቸው። እብጠቱ ጎደለ። የጠዋቱ መተሳሰር ቀለለ። በደም ውስጥ ያለው የብግነት ምልክት፣ ሲአርፒ፣ ወረደ። ከሳምንታት በኋላ በሽታው ተመለሰ። እኔን የሚገርመኝ መመለሱ ነው። ቲኤንኤፍ ሲታገድ በሽታው ተኛ፣ እገዳው ሲያበቃ ተነሳ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እስቲ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ማክሮፌጁ፣ የመከላከያ ሴሉ፣ ቲኤንኤፍ ይለቃል። የመገጣጠሚያው ሽፋን ሴል ፋይብሮብላስቱ ይነቃና የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ካርቲሌጅ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ያመርታል። ራንክል የተባለው ቀስቃሽ ፕሮቲን ይጨምራል፣ አጥንት በል ሴሉ ኦስቲዮክላስት ይበዛል፣ አጥንት ይበላል። ኢንተርሉኪን-6 በደም ጉበት ደርሶ ሲአርፒ ያስመርታል። ብረትን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ ሄፕሲዲንንም፣ ያበዛል፤ ያኔ ብረቱ በየማከማቻው ተቆልፎ ይቀራል። የታማሚዋ ሄሞግሎቢን የሚወርደው አንድም በዚህ ነው። እኛ ደግሞ የብረት እንክብል እናሸክማታለን።

ዳይክሎፌናክ ከዚህ ሁሉ የሚያግደው ሕመም የሚያባብሰውን ኬሚካል፣ ፕሮስታግላንዲንን፣ ነው። ሕመሙ ይቀንሳል። ቲኤንኤፍ ሥራውን ይቀጥላል።

አንዲት እናት ነበረች። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆች ታሳድጋለች። ሁለቱም እጆቿ አበጡ። ሪህ እንደሆነ ለማየት ዩሪክ አሲድ ተመረመረች፣ ልክ ነው። «ብርድ ነው» ተባለች፣ መርፌ ተወጋች። ሌላ ቦታ ሄደች፣ እንደገና ዩሪክ አሲድ፣ እንደገና መርፌ። ጎረቤት ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ጠቆመቻት። ያለ ማዘዣ እየገዛች ዋጠች። ፊቷ አበጠ፣ ስኳሯ ወጣ። እኔ ጋ ስትደርስ ጣቶቿ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ዞረዋል። የሊጡን ባልዲ ማንሳት አትችልም። የዞረውን ጣት በመድኃኒት መመለስ አይቻልም።

ድህነት ነው እንዳትሉኝ! ለመርፌና ለተደጋገመ ምርመራ ያወጣችው ገንዘብ በሽታውን ራሱን የሚገታውን ሜቶትሬክሴት ስንት ወር ይገዛላት ነበር። ትንንሽ መገጣጠሚያዎቹ ከስድስት ሳምንት በላይ ያበጡበት ሰው ዩሪክ አሲድ ብቻ ታይቶ አይሸኝም! የእጁን አንጓዎች ጨመቅ አድርጋችሁ እዩ። ጠዋት እጁ እስኪፍታታ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ጠይቁ። ይሄ የላብራቶሪ ሪኤጀንት አይፈልግም! በጀት አይፈልግም! ወንበር ስቦ መቀመጥ ነው የሚፈልገው!

ስለ አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ባጭሩ። ኢታነርሴፕት፣ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ቲኤንኤፍን፣ ቶሲሊዙማብ የኢንተርሉኪን-6ን መቀበያ፣ ቶፋሲቲኒብ ደግሞ ሴሉ ውስጥ የሳይቶካይንን መልእክት የሚያስተላልፈውን ኢንዛይም፣ ጃክን፣ ያግዳሉ። አብዛኛው ታማሚያችን አቅሙ አይደርስባቸውም። የሚያገኝ ካለ ግን አስቀድማችሁ ቲቢ ፈልጉ። የቲቢን ጀርም ከብቦ ያሰረውን የሴል ክምር፣ ግራኑሎማውን፣ አጥብቆ የሚይዘው ያው ቲኤንኤፍ ነው። ይሄን ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም።

ፋርማሲስቶች፣ አንድ ነገር አደራ። ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ ከተዋጠ መቅኔ ያደርቃል፣ ይገድላል። ፓኮው ላይ ቀኑን በስሙ ጻፉት፣ «ረቡዕ ብቻ» ብላችሁ። የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት የሚቀንሰውን ፎሊክ አሲድ ለሌላ ቀን።

አመሰግናለሁ።